ዶላሩ በአክስቴ ልጅ ስም አይግባ፦ ከቦሌ አራብሳ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ
ለገቢዎች ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ በግል ጌም እየሠሩ ለውጭ ገበያ የሚሸጡ ሰዎች ገቢያቸውን በራሳቸው ስም የሚያስገቡበት አሠራር እንዲዘረጋ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ ይህ የድጋፍ ጥያቄ አይደለም። ሼድ አልጠየቅሁም፣ ብድር አልጠየቅሁም፣ ሥልጠናም ይቅርብኝ። ሥልጠናማ ሞልቷል። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ እኛ ኮንዶሚኒየም ድረስ ደርሶ፣ በብሎካችን ሰርተፍኬቱን አሳትመው ሳሎን የሰቀሉ ቤተሰቦች አሉ። ደስ ይላል፤ በማሾፍ አይደለም የምለው። የሚያሳስበኝ ከሰርተፍኬቱ በኋላ ያለው ነው። ያ ልጅ ነገ መኝታ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሠራውን ጌም አንድ ብራዚላዊ ቢገዛው፣ ገንዘቡ በየት በኩል፣ በማን ስም፣ ምን ተብሎ ነው አገር የሚገባው?

የእኔ እስካሁን የገባው በአክስቴ ልጅ ስም ነው። እሷ ሜሪላንድ ትኖራለች፣ ነርስ ናት፣ ጌም የሚባል ነገር ነክታ አታውቅም። ሆኖም የእኔ ጌም በሚሸጥበት መደብር መዝገብ ላይ ባለቤቷ እሷ ናት። ምክንያቱ ተራ ነገር ነው፤ መመዝገቢያው የሚከፈለው በዶላር ካርድ ነው። ጉግል ፕሌይ 25 ዶላር ያስከፍላል፣ አንዴ ብቻ። አፕል በየዓመቱ 99። የኮምፒውተር ጌም መደብሩ ስቲም ለእያንዳንዱ ጌም 100 ይቀበልና ጌሙ 1,000 ዶላር ሲያስገባ መቶዋን ይመልሳል። እናንተ ጋ በየቀኑ ከሚመጣው የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ አንጻር ይህ የሻይ ሒሳብ ነው። ግን ዶላር የሚከፍል ካርድ እንዲሰጠኝ መጀመሪያ ዶላር ማግኘት አለብኝ፤ ዶላር ለማግኘት መጀመሪያ መመዝገብ አለብኝ፤ ለመመዝገብ ደግሞ ካርዱ ያስፈልገኛል። በዚህ ክብ ውስጥ ስዞር ከርሜ ነው ሜሪላንድ የደወልኩት።

የሆነውን ልብ በሉ። ሽያጩ እሷ አካውንት ይገባል። ግብሩን እሷ ለአሜሪካ ትከፍላለች። የተረፈውን ስትልክልኝ ባንኩ ቅጹ ላይ «ለቤተሰብ ድጎማ» ብሎ ይጽፋል። ቦሌ አራብሳ የተሠራ ዕቃ ለውጭ ሰው ተሸጦ፣ በእናንተ መዝገብ ላይ እኔ ላኪ ሳልሆን ተጧሪ ነኝ። እግዜር አይበለውና እሷ አንድ ነገር ብትሆን፣ የሠራሁት ጌም በወረቀት የእሷ ወራሾች ንብረት ነው። በየኮንዶሚኒየሙ ያሉ የማውቃቸው ጌም ሠሪዎችም እንደዚሁ አላቸው፤ የአንዱ ወንድም ዱባይ፣ የሌላው ጓደኛ ጀርመን። የእያንዳንዳችን ትንሽ ናት። ስትደመር ግን የማይቆጠር የወጪ ንግድ ትሆናለች፤ የማይቆጠረውም በእንዲህ ያለ ስም ስለሚገባ ነው።

ጌም ስል ፕሌይስቴሽን ቤት ማለቴ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ልናገር። ንግድ ፈቃድ ላወጣ በሄድኩበት መስኮት የነበረችው ሠራተኛ ሥራዬን ስነግራት ቀድማ የጠየቀችኝ «ቤቱ ለትምህርት ቤት ቅርብ ነው?» ብላ ነበር። አልፈርድባትም፤ በሰፈራችን ጌም ማለት በሰዓት የሚከፈልበት ጆይስቲክና ከትምህርት የቀረ ተማሪ ነው። የእኔ ሥራ ሌላ ነው። ከአራብሳ መገናኛ በሚመላለስ ታክሲ ላይ ረዳት የምትሆኑበት ጌም ሠርቻለሁ፤ መልስ ትቆጥራላችሁ፣ ትጣራላችሁ፣ ትራፊክ ሲመጣ ትርፍ ሰው ታስጎነብሳላችሁ። እኛ አገር ጌም ሲሠራም የመጀመሪያው አይደለሁም፤ ከእኔ በፊት «ኩኩሉ» የተባለችውን የምትሮጥ ዶሮ ብዙ ሰው በስልኩ ተጫውቷታል። ብቻ ሠራተኛዋ ዝርዝሯን አገላብጣ በመጨረሻ «ሶፍትዌር ማበልጸግ» ውስጥ አስገባችኝ። እሺ፣ ይሁን።

እሷ ያለፈችውን የኪራይ ውሉ አላለፈውም። የምሠራው የምተኛበት ክፍል ውስጥ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ መብራት ሲጠፋ ሥራ አስቀምጬ እስክዘጋ የሚያቆይ አንድ ባትሪ። (መብራቱ ጠፍቶ ሲቆይ ኔትወርኩም ተከትሎት ይሄዳል፤ አራብሳ ይህን የማያውቅ የለም፣ አላስረዝመውም።) ውሌ ለመኖሪያ የተከራየሁት ስለሆነ ለንግድ አይሆንም ተባልኩ። አከራዬ ውሉን ወደ ንግድ ቢቀይሩልኝ እሳቸው ላይ የሚመጣው ግብር ሌላ ነው፤ ስለዚህ አይቀይሩም፤ እውነታቸውን ነው። ደንበኛ ደጄ ድረስ አይመጣ፣ ዕቃ አይራገፍ፣ ጎረቤት የሚረብሽ ማሽን የለኝ። ለእንዲህ ያለ ሥራ የመኖሪያ አድራሻ ለምን እንደማይበቃ እስካሁን አጥጋቢ ምክንያት የነገረኝ የለም።

ወደ ባንኩ ልመለስ፤ ዋናው እሱ ነውና። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያኔ ብዙ ሰው አዝኗል፤ እኔም ላፕቶፕ መለወጥ ስለነበረብኝ አብሬ አዝኛለሁ። ነገር ግን ዶላር ለሚያስገባ ሰው ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ለመወደድ አይደለም። ከባንክ በሚገኘውና ከጥቁር ገበያ በሚገኘው መካከል የነበረው ገደል እያለ ማንም በባንክ አስገባ ቢባል ሰሚ አልነበረውም። ከማሻሻያው ጋር ደግሞ አገር ውስጥ የሚኖር ግለሰብ ከውጭ በሚላክለት ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ አካውንት እንዲከፍት፣ ከዚያም ላይ ለውጭ አገልግሎት እንዲከፍል ተፈቀደ። በወረቀት የእኔ ችግር ግማሹ ያኔ ተፈትቷል።

ወረቀቱን አምኜ አንድ ቅርንጫፍ ሄድኩ። ስሙን አልጠቅስም፤ ሌላ ቢሆንም ልዩነት የሚኖረው አይመስለኝም። «ቀጣሪህ ማነው?» ተባልኩ። ቀጣሪ የለኝም። «እሺ ገዥህ ማነው? ውሉን አምጣ።» ገዥዎቼ በየአገሩ የተበተኑ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ አንዱ በ5 ዶላር፣ አንዱ በቅናሽ ቀን በ2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ገዝቷል። መደብሩ ከሁሉም ሰብስቦ፣ ድርሻውን ቆርጦ፣ የቀረው 100 ዶላር ሲሞላ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ በአንድ ስዊፍት፣ ማለትም በባንክ ሐዋላ፣ ይልካል። ኢንቮይስ የለም፤ ያለው መደብሩ የሚያወጣው ወርኃዊ የሽያጭ ሪፖርት ነው። የባንኩ ልጅ ጨዋ ነበር፤ አለቃውን ጠየቀ፣ አለቃው ዋናውን መሥሪያ ቤት ጠየቀ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት እስከ ዛሬ እያጣራ ነው። የቡና ላኪ ቢሆን ኖሮ የሚሞላው ቅጽ አለ። ደሞዝተኛ ቢሆን አለ። ዕቃው የማይታይ፣ ገዥው የማይታወቅ፣ ገንዘቡ በየወሩ የተለያየ ለሆነ ሰው የሚሞላ ቅጽ የለም፤ ቅጽ የሌለው ነገር ደግሞ የቅርንጫፍ ሠራተኛን ያስፈራዋል። መመሪያ ማውጣት አይጠበቅባችሁም። ባንኮች የመደብሩን የአከፋፋይነት ስምምነትና ወርኃዊ ሪፖርት እንደ አገልግሎት ወጪ ንግድ ሰነድ እንዲቀበሉ የሚገልጽ አንድ ገጽ ሰርኩላር ይበቃናል።

አሁን ደግሞ ለገቢዎች። አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ።

ጌሜን በራሴ ስም 10 ዶላር ሸጥኩ እንበል፣ ገዥው አሜሪካዊ ነው። ስቲም 30 በመቶ ይወስዳል፤ 7 ዶላር ቀረኝ። የአሜሪካ መንግሥት ከአሜሪካ ገዥዎች በማገኘው ገቢ ላይ፣ የግብር ስምምነት ከሌለው አገር ስለሆንኩ፣ ሌላ 30 በመቶ በምንጩ ያስቀራል። ይህም ከ7ቱ ላይ 2 ዶላር ከ10 ሳንቲም ነው። 4 ዶላር ከ90 ቀረ። ደቡብ አፍሪካ፣ ግብጽ፣ ሞሮኮና ቱኒዚያ ከአሜሪካ ጋር ስምምነት አላቸው፤ እኛ የለንም። ስለዚህ አንድ አዲስ አበባ ያለ ልጅና አንድ ኬፕታውን ያለ ልጅ አንድ ዓይነት ጌም በአንድ ዋጋ ለአንድ ሰው ቢሸጡ፣ ኪሳቸው የሚደርሰው እኩል አይደለም። ከዚያ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች የተጫወተ ገዥ ገንዘቤ ይመለስ ማለት ይችላል። የእኔ ጌም አጭር ስለሆነ ጨርሶት፣ ወድጄዋለሁ ብሎ አስተያየት ጽፎ፣ ገንዘቡንም ያስመለሰ ደንበኛ ገጥሞኛል። እሱን ለእናንተ አላመለክትም።

ከ4 ዶላር ከ90ው ላይ እዚህ ደግሞ የንግድ ገቢ ግብር ይመጣል። መክፈል አልጠላም፤ እንዲያውም ላኪ ተብዬ ብከፍል ደስ ይለኛል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በውጭ አገር የተከፈለ ግብር እዚህ ከሚከፈለው ላይ እንዲቀናነስ ይፈቅዳል። ሕጉ አለ። የጎደለው መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ 1042-ኤስ የተባለውን፣ ከገቢዬ ላይ ምን ያህል እንደተቆረጠ የሚናገረውን የአሜሪካ ቅጽ ሲያይ የግብር ደረሰኝ መሆኑን እንዲያውቅ የሚያደርግ መመሪያ ነው። በምመላለስበት የግብር መስኮት ስለዚህ ቅጽ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «በአማርኛ አስተርጉመህ፣ አረጋግጠህ አምጣ» የሚል ነበር፤ በሚቀጥለው ስሄድ ሲስተም የለም ተባልኩ። የሁለቱ አገሮች ስምምነት የእናንተ ብቻ ሥራ እንዳልሆነና ዓመታት እንደሚፈጅ ይገባኛል። ቅጹን መቀበል ግን ዓመታት አይፈጅም።

ከሁሉ የሚከብደው የጊዜው ጉዳይ ነው። ጌም እንደ ቡና ችግኝ ነው፤ ተተክሎ እስኪያፈራ ሦስትና አራት ዓመት ይበላል፣ ያን ጊዜ ሁሉ ግን ይታረማል፣ ውኃ ይጠጣል። የአንድ ጌም ገቢ አብዛኛው የሚመጣው በወጣበት ሰሞን ነው፤ ከዚያ ቅናሽ ሲደረግ ትንሽ ብቅ ይላል። በግብር ዓመት ሲታይ ሁለት ዓመት ዜሮ፣ ሦስተኛው ላይ ድንገት ትልቅ ቁጥር። ዜሮ በሆነበት ዓመት ፈቃድ አድስ፣ ዜሮ ሪፖርት አስገባ፣ ክሊራንስ አምጣ፣ ከዘገየህ ተቀጣ። ገንዘብ በገባበት ዓመት ደግሞ እስከ 35 በመቶ በሚደርሰው ማስከፈያ ትሰላለህ፤ ያለፉት ሁለት ዓመታት ዳቦ፣ ኪራይና ኢንተርኔት የት እንደገቡ የሚጠይቅህ የለም። ዕቃ አምጥቶ በወሩ ለሚሸጥ ነጋዴ የተሠራ ልብስ ነው ያለበሱን። አንድን ጌም ለመሥራት የወጣ ወጪ ጌሙ ገቢ ባመጣበት ዓመት እንዲያዝ፣ ወይም ገቢው በተሠራባቸው ዓመታት ላይ ተከፋፍሎ እንዲሰላ ቢደረግ፣ ከእኛ የምታጡት ትንሽ ነው፤ በሜሪላንድ በኩል የምታጡት ግን አሁን ሙሉውን ነው።

«ታዲያ እስከዚያ በምን ትኖራለህ?» የሚል ካለ፣ በቅልቅል። ለድርጅቶች የሥልጠና መተግበሪያ እሠራለሁ፣ የሠርግ ቪዲዮ ላይ የሚገባ አኒሜሽን እሠራለሁ፣ ለሌሎች ጌም ሠሪዎች የሚሆን ጀበና፣ ጎጆ ቤት፣ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ በ3ዲ ቀርጬ እሸጣለሁ። የሚገርመው፣ የወር ወጪዬን በብዛት የሚሸፍነው ጀበናው ነው። ይህ የድህነት ምልክት አይደለም፤ በየትም አገር በግል የሚሠራ ጌም ሠሪ አብዛኛው እንዲህ ነው የሚኖረው። ሰው ሁሉ የሚጠቅስልኝ «ስታርዲው ቫሊ»ን ነው፤ ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ ብቻውን ሠርቶ በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያወጣው፣ ሚሊዮኖች የገዙት። እውነት ነው። ግን ከአራት ዓመት በላይ ሲሠራው ቤቱን ይዛ የቆየችው ፍቅረኛው እንደነበረች፣ እሱም ማታ ማታ ቲያትር ቤት አስተናጋጅ ሆኖ ይሠራ እንደነበር አይጠቀስም። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ይወጣል። ፖሊሲ መውጣት ያለበት በዓመት አንድ የመምህር ደሞዝ ያህል ከውጭ ለሚያስገቡትና በርቱ ቢባሉ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጌም ለሚሠሩት ነው። በዚህ ሙያ ኑሮ የሚጸናው በአንድ ዕድለኛ ጌም ሳይሆን ቀስ በቀስ በሚከማቹ ትንንሽ ጌሞች ነው፤ አዲሱ ሲወጣ የቀደሙትንም ጎትቶ ያሸጣቸዋል።

ስለዚህ ስለ ውድድሮች አንድ ነገር ልበል፤ የምታዘጋጁትን በክፉ አትዩብኝ። ሃካቶን፣ የሽልማት ቼክ በትልቅ ካርቶን፣ ፎቶ። ያሸነፈው ልጅ በዓመቱ የት እንዳለ ብትጠይቁ ባንክ ቤት ተቀጥሮ ታገኙታላችሁ። ለሽልማቱ የሚወጣውን ገንዘብ ሥራ ግዙበት። በ2015 የተከፈተው የሳይንስ ሙዚየም አለ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ስለ ወረርሽኝ፣ ስለ ትራፊክ፣ ስለ ፊደል ልጆች የሚጫወቱት ነገር ከእኛ በጨረታ ይገዛ። ጨረታው ግን የሦስት ዓመት ኦዲትና የባንክ ዋስትና የሚጠይቅ ከሆነ ተውት፤ የሚያሸንፈው ጌም ሠርቶ የማያውቅ አስመጪ ነው።

የአገር ውስጡ ገበያስ ለሚል፣ ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ አለ፣ ኤም-ፔሳም መጥቷል፣ መክፈል የሚችል ተጫዋች አለ። ችግሩ ጌሙ በቴሌግራም በፋይል ሲዞር ማን ለማን እንደሚከፍል ነው። ስልኮቹም አቅማቸው ትንሽ፣ ዳታውም ውድ ነው። ተስፋ አለው፤ ለጊዜው ግን ቤት ኪራይ አይከፍልም።

የምንደገፍበት መሣሪያም በሰው እጅ ነው። እኛ አገር እንቁጣጣሽ በሆነበት ቀን፣ መስከረም 1 ቀን 2016፣ ዩኒቲ የተባለው የጌም መሥሪያ ኩባንያ ከተወሰነ ገደብ በኋላ ጌም በተጫነ ቁጥር ክፍያ እጠይቃለሁ ብሎ አወጀ። ዓለም ተንጫጫ፤ በዓመቱ፣ መስከረም 2 ቀን 2017፣ ሰረዘው። በመሐል ብዙዎቻችን ጎዶት ወደተባለው፣ ነጻና ኮዱ ክፍት ወደሆነው ተሻግረናል። ከኩባንያ ውሳኔ እንዲህ መሸሽ ይቻላል። ከባንክና ከግብር መሥሪያ ቤት ግን ሜሪላንድ ካልሆነ የሚሸሽበት ስለሌለ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት።

በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። የስታርታፕ አዋጁም ጸድቋል። ከእነዚህ ጋር የሚሄድ የአፈጻጸም መመሪያ ስታወጡ፣ ባለሀብት የማይፈልግ፣ ሠራተኛ የማይቀጥር፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሠርቶ ለዓለም የሚሸጥ ሰውም እንዳለ አስቡ፤ አድራሻው መኖሪያ ቤቱ፣ ኢንቮይሱ የመደብር ሪፖርት፣ የውጭ ክፍያው በዓመት ከጥቂት መቶ ዶላር የማይበልጥ ሰው። ይህቺን ጥቂት መቶ ዶላር ገና ገቢ ሳይኖረው በካርድ የሚከፍልበት ጣሪያ ወስኑለት። ሦስታችሁም ደግሞ በየፊናችሁ አትጥሩን፤ አንዳችሁ ጋ፣ ጎሮ ያለው አይሲቲ ፓርክ ውስጥም ቢሆን፣ ስለዚህ ጉዳይ የሚያውቅ አንድ ሰው ያለበት አንድ ጠረጴዛ ይመደብልን።

የሁለተኛውን ጌሜን ገጽ በራሴ ስም ለመክፈት ዝግጁ ነኝ። ቲን ቁጥሬን፣ የመደብሩን ስምምነትና የአሥራ ሁለት ወር የሽያጭ ሪፖርት ይዤ በምትሉኝ ቀን እቀርባለሁ፤ እንደኔው ያሉ ሌሎችም የየራሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከሰዓት በፊት ቢሆን እመርጣለሁ፤ ከአራብሳ የጠዋቱን ሰልፍ ካለፍኩ ቀኑን ሙሉ የእናንተ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
በግሉ ጌም የሚሠራ
ቦሌ አራብሳ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በጀሞ መኝታ ቤታቸው ውስጥ ለሚሠሩ የሙያ ባልደረቦቼ